እትዬ ፒያኖ ራሳቸውን ሲነቀንቁ

ለውዷ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት ለቀቀ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ጥርሴም ሙሉ ነው፤ እስካሁን ያወለቀልኝ የለም።

ሥራዬ ያው የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር መደርደር ነው። አሁን ግን ሹመት ደርሶኛል! እዚህ ሸምገል ያሉ የፒያኖ አስተማሪ አሉ፤ በሌሉበት «እትዬ ፒያኖ» እላቸዋለሁ። አክስታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ፒያኖ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን፣ ኮንቸርቶ የሚሉትን ረጅም ሙዚቃ ጽፈዋል፤ ያውም ያንን ሆድ የሚያባባውን የድሮ ዓይነት። «የሴት ጨዋታ ነው» ተብሎ አንድም መድረክ ላይ ሳይሰማ ሞቱ። እትዬ ፒያኖ ወረቀቱን ከቁም ሣጥን አናት አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ካልተጫወትኩት ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የኦርኬስትራው መሪ ደግሞ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ለትምህርት ቤቱ ኮንሰርት አንዴ እንሞክረው፤ ካላማረኝ የታወቀ ሙዚቃ እንተካበታለን» አለ።

የእኔ ሹመት ገጽ መግለጥ ነው። የእሳቸው ሁለት እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ አጠገባቸው ቆሜ እገልጥላቸዋለሁ። ኖታውንማ የት አውቄው! ለእኔ ሽቦ ላይ የሰፈረ የወፍ መንጋ ነው። ስለዚህ «ራሴን ስነቀንቅ ግለጥ» አሉኝ።

የሙከራው ቀን ቀስ ያለው ክፍል ላይ ስንደርስ ነቀነቁ፤ ገለጥኩ። ወዲያው ደገሙ፤ ገለጥኩ። አሁንም! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ችኩል ሙዚቃ ነው እያልኩ ስገልጥ ስገልጥ፣ የኋላው ሽፋን ላይ ደርሼ ቁጭ! ለካስ ሴትዮዋ ሆዳቸው ባብቶ ነው የሚነቀንቁት። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ፤ መሪው ያፈጥብኛል። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። የአክስትየዋ ዕድሜ ልክ ልፋት በእኔ ጣት ገደል ሊገባ ነዋ!

እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንኳን ወረቀቱን እኔንም ረስተውኛል። ለካ በልጅነታቸው አክስታቸው ሲጫወቱ ከፒያኖው ሥር ተጋድመው እየሰሙ ነው ያደጉት። አንዲት ሳይስቱ ዘለቁት። ሲጨርሱ መሪው ጠጋ ብሎ፣ «ያችን ቀስ ያለችውን እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ሲደግሙ የሚስቅ አልነበረም። በቃ፣ ሙዚቃው ኮንሰርቱ ውስጥ ገባ!

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ተጫወቱት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እጅ አልነሱም፤ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ሰማህ? ለአክስቴ ነው የሚያጨበጭቡት» አሉኝ። እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ግን ቀልዱን ትቼ አብሬ አጨበጨብኩ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባዬን «ልጅህ ሱፍ ለበሰ» በይልኝ፤ የውሰት መሆኑን ግን እንዳትነግሪው። ባልሽን ከነማንኮራፋቱ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን አቅፈሽ፣ ትንሹን ደግሞ አፍንጫውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ።

ቀበጡ ወንድምሽ
ከአዳራሹ ጓሮ፣ የወንበር ክምር ላይ ተቀምጬ
ሰኞ፣ ግንቦት ፮ ቀን