ለኦፓል እባብ የሠራሁት ቤት

ይድረስ ባሕር ላይ ላለሽው ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? መርከቡ ለመድሽ ወይስ አሁንም ያጥወለውልሻል? ዝንጅብል አኝኪ፤ ካልተሻለሽ ለሐኪማችሁ ንገሪ እንጂ እንደ አባትሽ ጥርስሽን ነክሰሽ አትቀመጪ። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ኦፓል አድጋብሻለች፤ ስትሄጂ የገዛሽላት ሱሪ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀርቷል። ስለ እኔ ጤና ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሃስኬል በመኪናው ኖክስቪል ያደርሰኛል፤ እዚያ አንዲት ጉዳይ አለችኝ። ጎረቤትሽን ታውቂው የለ፣ መንገዱን ሙሉ ስለሚለፈልፍ ለመታመም እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ኦፓል ጽፋልሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔ ስሚው። ቤታችን ውስጥ እባብ አለ። ሾልኮ የገባ አይደለም፣ እኔው ነኝ ያስገባሁት። አዎ፣ እባብ ባየ ቁጥር ዶማ ፍለጋ የሚሮጠው አባትሽ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መኸር ላይ ነው። ዶሮ ቤት ውስጥ ጥቁር እባብ እንቁላል ሲውጥ አገኘሁና በዶማ ለሁለት አልኩት። ዞር ስል ኦፓል በሩ ላይ ቆማለች። ምን አደረገህ? አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። ማናገር ስትጀምር ደግሞ ወሬዋ አንድ ብቻ ሆነ፤ እባብ ግዛልኝ። የሚገዛው በመቃብሬ ላይ ነው አልኳት። የብርዱን ወራት ሙሉ በዚሁ ስንጨቃጨቅ ከረምን።

መጋቢት ላይ የቀዩን ጥድ ሳንቃዎች ከጋጣው ቆጥ አወረድኳቸው። ታውቂያቸዋለሽ። ከአንድ ዛፍ የወጡ ናቸው፤ ግማሹ ለእናትሽ ሳጥን ሆነ፣ ግማሹ ቀረ። ከእናትሽ ቀብር ወዲህ ማንም አልነካቸውም ነበር። ለምን እንዳወረድኳቸው አሁን አናንሳው። ብቻ ዘርግቼ በመላጊያ እየላግኩ ሳለ ኦፓል ከትምህርት ቤት መጥታ ምን እየሠራህ ነው? አለችኝ።  ሳንቃው ረጅም ነው፤ እሷ ደግሞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ለእባብሽ ቤት ነው የምሠራው አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ከዶሮ ቤቱ ነገር ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም ነበር። እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ ከዚያ በኋላ ውሸቴን ነው ይባላል? መጋዝ አነሳሁና ሳንቃዎቹን ቆረጥኳቸው።

ሥራውስ ሥራ ነበር፤ ስላላየሽው ነው እንጂ ታደንቂኝ ነበር። ሳንቃውን ጥርስ በጥርስ አገጣጠምኩት፤ አንድ ሚስማር አልመታሁም። ከፊቱ የሚንሸራተት መስታወት ከነቁልፉ። በአንድ ጫፍ ማሞቂያ አምፑል፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ፣ መደበቂያ ጉቶ፣ የውሃ ሳህን። ወለሉን ከመላጊያው በወጣው ሰጋቱራ ሞላሁት። ሽታው ቤቱን አወደው። እናትሽ ብርድ ልብሶቿን የምታስቀምጥበትን ሣጥን ታስታውሻለሽ? ልክ እንደሱ። እዚህ አገር የምንሳሳለትን ነገር ሁሉ ጥድ ውስጥ አይደል የምናስቀምጠው? ብል አይደርስበት፣ አይነቅዝ። ከዚህ የተሻለ ቤት ለፍጡር አይሠራም ብዬ ኮራሁ።

ሃስኬል መጥቶ ሲያየው ሳንቃዎቹን በመዳፉ ዳሰሳቸው፤ ያውቃቸዋል። ከዚያ አንተ ሰውዬ፣ እባቡ እኮ ካንተ ቀድሞ ገባበት አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራስህስ ምን ልታደርግ ነው? ሲለኝ፣ ባክህ መስታወቱን ያዝልኝ አልኩት።

እባቡን ሞሪስታውን ከተማ ካለች አንዲት እባብ አርቢ ገዛነው። ቤቱ ዝግጁ ነው? ብላ ጠየቀችኝ፤ በእጄ ነው የሠራሁት ስላት ደስ አላት፣ ሌላ አልጠየቀችም። ብርቱካንማ ነው፤ ጣቴን ቢያክል ነው። ኦፓል ቢስኩት አለችው። እኔ አልነካሁትም፣ ከበር ሆኜ ነው የማየው። ምግቡ በረዶ የሆነ አይጥ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ከባቄላዬ አጠገብ ተቀምጧል። ሳትሰሚ እንዳትመጪ ብዬ ነው።

አንዴ በላ። ከዚያ እንቢ አለ። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ፤ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ከአፍንጫው አረፋ ቢጤ እየወጣ። ብርድ መቶት ይሆናል ብዬ የባሰ ብርቱ አምፑል አደረግኩለት። እንጨቱ ሲሞቅ ሽታው ጨመረ፤ እኔ ሞኙ ደግሞ ሽታው ደስ እያለኝ ነበር። በማግስቱ ኦፓል ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንገቱን ማንሳት አቅቶት አገኘችው። አላለቀሰችም። የትራስ ልብስ አመጣች፣ እጇን ሰደደችና አውጥታ ከተተችው፣ መኪና ውስጥ ገብታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ስለ ውሃው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምግቡ ጠየቀችን። ከዚያ ቤቱ ከምን ነው የተሠራው? አለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ጥድ ነው፣ ሰጋቱራው ሳይቀር አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። አባት፣ ጥድ ለእባብ መርዝ ነው አለችኝ። ብል የሚያባርረው ያ ሽታ የእባብን ሳንባ ያቃጥላል፤ እርስዎ ደግሞ አሙቀውበታል። መርፌ ወጋችው፣ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችን። ይድናል አላለችም፤ ለጥቂት ቀን እንየው ብቻ አለች። ኦፓል እሷን ትታ እኔን ነበር የምታየኝ።

ስንመለስ ኦፓል የትራሱን ልብስ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ወንዙን እንደተሻገርን ወደ መስኮቱ ዞራ፣ አባባ፣ አውቀህ ነው? አለችኝ።

ልጄ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ እንደዚህ የመታኝ የለም። መኪናውን ዳር አቆምኩ። አይደለም ብዬ ብምል ምን ዋጋ አለው? ዶማውን በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት። እነዚያ ሳንቃዎች ለማን እንደተቀመጡ፣ በመጋቢት ለምን እንዳወረድኳቸው፣ የኖክስቪሉ ሐኪም ስለ ሕመሜ ምን እንዳለኝ። ያንን እንጨት ለምጠላው ነገር አልቆርጠውም ነበር አልኳት።  የትራሱን ልብስ እያየች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ ለሐኪሙስ ምን ብለህ መለስክለት? አለችኝ። በቃ ሕክምናው ይቅርብኝ፣ አርጅቻለሁ አልኩት አልኳት።

ቢስኩት እንኳ መርፌውን ተወጋ እኮ አለችኝ።

 መኪናውን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

አሁን ቢስኩት የሚኖረው በላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኑን በመሰርሰሪያ በሳስቼ፣ ጋዜጣ አንጥፌ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ገጥሜለታለሁ። አስቀያሚ ነው፣ ዓይን አይሞላም። መድኃኒቱን ለመስጠት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ አፉን ይከፍታል። ያዘው እንጂ አባባ፣ አይበላህም አለችኝ ኦፓል። ያዝኩት። ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ እንደ አሮጌ ቀበቶ። እጄ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሳይሞት እንዲያድር እየለመንኩ ስለነበር እጄን ማላቀቅ ፈራሁ።

ከቀናት በኋላ ፉጨቱ ቀረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አይጡን አቀረበችለት፤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አላየም፣ አላየም፣ ከዚያ ላፍ አደረገው። ኦፓል ጉልበቴ ላይ ወድቃ ሳቀች። ሐኪሟ ሃያ ዓመት ይኖራል ብላለች አለችኝ። ከዚያ በጣቷ ቆጠረችና፣ ያኔ አንተ ዘጠና ሦስት ይሆንሃል ማለት ነው፣ እሺ፣ ጥሩ ነው አለች፤ ነገሩ ተዋውለን ያለቀ ይመስል።

የጥዱን ሳጥን ፈታትቼ ሳንቃዎቹን ወደ ቆጡ መለስኳቸው። ሃስኬል ሲያግዘኝ ረጅሙን አንስቶ ከጎኔ አቆመውና፣ ወንድሜ፣ በዚህ ከተኛህማ ግማሽህ ውጭ ሊያድር ነው፣ እንግዲህ ሌላ ዛፍ እስኪያድግ ትጠብቃታለህ አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠራረገበት፤ አቧራ ነው አለ። የፊታችን ማክሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ? ሲለኝ በጠዋት ና አልኩት። ማክሰኞ ማክሰኞ ለሕክምናዬ የምንሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ አትጨነቂ። ሥራሽን ሥሪ። ብቻ ለገና ያስቀመጥሽውን ፈቃድ አለቆችሽ ቀደም አድርገው ከሰጡሽ እንቢ አትበያቸው። ቢስኩትን እንድታዪው ነው።

ማዕበሉን ጸጥ ያድርግልሽ፣ በደህና ያግባሽ። ኦፓል እማዬን ሳምልኝ ብላለች።

የሚናፍቅሽ አባትሽ