ባሌስትራውን አስፈትቼዋለሁ

ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት
ከቤት

የኔ ጌታ፣ የልጆቼ አባት፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ እንዴት እንደሰነበትክ ስለማውቅ ግን አልጠይቅህም። ይልቅ የኛን ልንገርህ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። ትንሹ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ማለቱን ትቶ «ቀጭኔ መቼ ትመጣለች?» ማለት ጀምሯል። ፒክአፕህ ጋራዥ ከገባች ወዲህ ግቢው ጭር ብሎበታል። ከፍ ያስደረግካት ቀን ሰፈሩ ያወጣላትን ስም ከመልመዱ የተነሳ፣ በቀደም እውነተኛዋን ቀጭኔ መጽሐፍ ላይ ሳሳየው «ይቺ እኮ ጎማ የላትም» ብሎ ተከራከረኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያስጽፋታል ትል ይሆናል። የስልኩንማ አየነው። አንተ «ደህና ነኝ፣ ዛሬ ትንሽ ተቀመጥኩ» ትላለህ፤ እኔ «ጎሽ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዘወር ብለን ስለ ቀጭኔ እናወራለን። ስለ ሾክ አብዞርበርና ስለ ጎማ እንደኛ የሚያወሩ ባልና ሚስት ያሉ አይመስለኝም። የጎንህ በሽተኞች ሲስቁ ይሰማኛል፣ አንተም ትስቃለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ስልኩን ስዘጋው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ስለዚህ ይህን ወንድሜ በእጁ ያመጣልሃል። ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ነገሩ አጭር ነው። ላመጣህ ነው። ሐኪሙ ቤቱ መተኛት ይችላል ካለ ቆይቷል። አንተ ግን «መጀመሪያ መኪናዋ ትለቅ፣ ምን አስቸኮላችሁ» እያልክ ቀኑን ትገፋዋለህ። አምቡላንስ አስፋልቱ ከሚያልቅበት አያልፍም፤ እዚያ አውርዶ ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ደግሞ አንተን ሁለት ጊዜ ማሰቃየት ነው። ከወንዙ መሻገሪያ እስከ ቤታችን ያለውን ድንጋይ ያለ ቀጭኔ የሚወጣው እንደሌለ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ መኪናዋን የማሠራት ለዚህ ነው፤ አንተን ለመጫን።

ሰኞ ዕለት ጋራዥ ሄድኩ። ሰባ ዓመት አልፎት እንኳ «ጎረምሳው» መባሉን ያልተወው መካኒክህ በኩራት ተቀበለኝ። ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ ልተኛና እስከ ወንዙ ድረስ ውሰደኝ አልኩት። አበድሽ እንዴ በሚል ዓይን አየኝ።

«ልጄ፣ ምን ልትሆኚ?»

«እሱን ሆኜ ልየው» አልኩት።

ተኛሁ፤ ትልቋ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከጋራዡ በር ሳንወጣ ምላሴን ነከስኩት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከፍራሹ ተነስቼ ከካሶኒው ላሜራ ጋር ተላተምኩ። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ «እማዬ፣ አባዬ እኮ አልጋው ጠርዝ ላይ ሰው ሲቀመጥ እንኳ ይጮኻል» አለችኝ። ወንዙ ጋ ሳንደርስ ጣራውን ደብድቤ አስቆምኩት። እንኳን ያንተ ወገብ፣ የኔም ጤነኛው ወገቤ እስከ ዛሬ እንደበለዘ ነው።

ጎረምሳው ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። «ልጄ፣ ይቺ መኪና የተሠራችው ለድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ወገቤን አይልም» አለኝ።

«ግን እንዲህ አልነበረችም፤ በፊት እኮ ይህን ያህል አትዘልም ነበር።»

ያኔ ነው ምስጢሩን ያወጣው። ለካ አንተ አልጋ ላይ ሆነህ እየደወልክ ታሠራታለህ። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ወፍራም የብረት ቅጠል ይግባበት ብለሃል። የኋላው አክስል ወጥቶ ከከባድ መኪና የወጣ ይገጠም ብለሃል። የካሶኒው ወለል በወፍራም ላሜራ ይደረብ፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ይበል ብለሃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋራዡ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ መጨረሻ ሰማሁ። በልቤ ምን አልኩ መሰለህ፤ «ይሄ ሞኝ ድኖ ተነስቶ ድንጋይ ሊጭን ነው።» ተናደድኩብህም፣ አሳዘንከኝም። ሐኪሙ ደረጃው ሥር ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን አንተ የማታውቅ መስሎኝ ነበር።

ጋራዥ ተመልሰን ጎረምሳው ከሥር ሊያያት ተንበረከከና «ወደኋላ ትንሽ አንቀሳቅሺያት» አለኝ። ካቢናው ውስጥ ገባሁ። እኔ ቀጭኔን የምነዳው ከጀርባዬ ትራስ ደግፌ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስንት ዓመት ስቀህብኛል። ሰኞ ግን እግሬ ደረሰ። ጀርባዬ መደገፊያው ላይ ተደላድሎ እግሬ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ታች ረገጠው። ግራ ገባኝ። ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልሰው ብዬ እጀታውን ከሥር ብፈልግ የለም።

ብረት የሚበይደውን ባትላሜራ ጠራሁት። «ይሄ ወንበር ምን ሆኖ ነው?»

«ወደፊት አምጥቼ በይጄዋለሁ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ባለቤትሽ ነው ያዘዘኝ። ቁመትሽን ሳይቀር ነግሮኛል። መሪውም ለሴት እጅ ቀለል ይበል ብሏል።»

«እሱ ሲመጣ ታዲያ የት ሊቀመጥ ነው? ጉልበቱን መሪው ላይ ሊሰቅለው?»

ባትላሜራው ጎረምሳውን አየ፤ ጎረምሳው መሬት መሬቱን አየ።

ለመንዳት የሚመለስ ሰው ወንበሩን አያስበይድም። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። መሪውን ይዤ እዚያው ተቀመጥኩ፤ ሰዎቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡልኝ። ባሌስትራው ለማን እንደወፈረ፣ አክስሉ ለማን እንደጠነከረ፣ ካሶኒው ለማን እንደሰፋ ያኔ ገባኝ። አንተ እዚያ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝተህ፣ እኔ ያለ አንተ አሸዋና ድንጋይ እየጫንኩ ልጆችህን የማሳድግባትን መኪና እየሠራህልኝ ነው። ሐኪሙ ላንተም ነግሮሃል። ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ እኔ አንተን ሳታልል፣ አንተ እኔን ስታታልል ከርመናል። አልናደድኩብህም ብልህ ውሸት ነው። ተናድጃለሁ። ለኔ ሳትነግረኝ ለባትላሜራ ትነግረዋለህ? ደግሞ ወደድኩህ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወደድኩህ በላይ ሰኞ ዕለት ወደድኩህ።

እንባዬን ጠርጌ ወረድኩና ጎረምሳውን «ጨምር ያለህን ቅጠል ሁሉ ፍታው፤ ከዱሮውም ቀንስለት» አልኩት።

«ልጄ፣ ቃል ገብቼለታለሁ» አለኝ። «ካለሰለስናት ጭነት አትችልም። ከጫነች ደግሞ እሱን አትችልም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ ባሌስትራ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ከኔ አይደበቅም ነበር።»

«አንዱን ምረጪ ካልከኝ መርጫለሁ ጋሼ።»

ተከራከረኝ። ያንተን ቃል እንደ ኑዛዜ ነው የያዘው፤ ለመፍታት እጁ እምቢ አለው። በመጨረሻ ቁልፉን ራሴ አንስቼ መኪናዋ ሥር ስገባ ነው «ውጪ፣ ውጪ፣ እንዲህ አይፈታም» ብሎ የተቀበለኝ። ቅጠሎቹን አወጣ፣ አዲስ ሾክ አብዞርበር ገጠመ፣ አክስሉ ትክክል ካሶኒው ላይ የአሸዋ ከረጢት አስቀመጠ፤ ባዶ ስትሆን ነው የምትዘለው አለኝ። ከፍታዋን አልነካውም፤ ወንዙን መሻገር አለባት።

ትናንት እንደገና ተኛሁ። ጉድጓዶቹን በወገቤ ቆጠርኳቸው፤ አሉ፣ ግን እንደ ሰኞው አያነሱም፣ ዥው አድርገው ነው የሚያሳልፉት። ወንዙን ስንሻገር ውኃው ከሥሬ ሲያልፍ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እንቅልፍ ወሰደኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የረባ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ ያንተው ካሶኒ ውስጥ አንኮራፋሁ። ጎረምሳው ላለመቀስቀስ ብሎ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ልጅህ ናት የነገረችኝ። የነዳጁን አትጠይቀኝ።

ከባትላሜራው ጋር ደግሞ የቀረን ነገር ነበር። ካሶኒው ካንተ ያጥራል። የኋላ መዝጊያው ተዘርግቶ እግር ይሠራለትና ፍራሹ እስከዚያ ይድረስ ተባባልን። ቁመቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የት አውቄ፤ አንተ የኔን ታውቃለህ፣ እኔ ያንተን ለክቼ አላውቅም። ፍራሹ ላይ ተጋደምኩና «ከኔ ራስ በላይ እስከዚህ ነው» ብዬ በእጄ አሳየሁት። ሜትሩን ዘርግቶ ከእግሬ ጀምሮ ሲለካ እጁ ቀጥ አለ። ሣጥን የሚለካ እንደመሰለው አወቅኩበት፤ እሱም እንዳወቅኩበት አወቀ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «ተይው፣ በዓይኔ እሠራዋለሁ» አለኝ። ደህና አድርጎ ሠርቶታል። ፀሐይና አቧራ እንዳይደርስብህ ከላይ ሸራ ወጥሮበታል፤ በጎን በኩል ገለጥ ይላል፣ መንገዱን ማየት ትወድ የለ።

አክስሉን አልነካሁብህም። እሱ ላይ እውነትህን ነው፤ የዱሮው ማልቀስ ጀምሮ ነበር፣ አዲሱ ድምፅም የለው። የወለሉም ላሜራ ይቆይ። ከፊት ይገጠም ያልከውን ትልቅ ብረትና የመብራት መዓት ግን ሰርዤዋለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ ያ ጎረቤታችን አስገጠመ ተብሎ የኔ ቀጭኔ ቀንድ አታወጣም።

ወንበሩ እንዳለ ይሁን። የምነዳው እኔ ነኝ። ጎረምሳው እኔ ልንዳ ብሎ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ትልቋ ከኋላ ካንተ ጋር ትሆናለች። ቀስ ብዬ ነው የምመጣው፤ ቀስ ብዬ ነው የምመልስህ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ የሚነፋ ቢኖር ይንፋ።

አሁን አንተ የምትለውን ከዚሁ እሰማዋለሁ። «ልጆቹ እንዲህ ሆኜ አይዩኝ። መኪናዋም ለሥራ ትሁን፣ ለኔ ብላችሁ አታበላሿት።» አይሆንም። ልጆቹ አባታቸውን ይፈልጋሉ፣ የቆመውንም የተኛውንም። የወጡትን ቅጠሎች ደግሞ ጎረምሳው በዘይት ቀብቶ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦልኛል። ጊዜው ሲደርስ አስመልሳቸዋለሁ፤ አንተ ባሰብከው መኪና፣ አንተ ባሰብከው ወንበር ተቀምጬ ድንጋዩንም አሸዋውንም እጭናለሁ። ቃሌ ነው። ድንጋይ ግን የትም አይሄድም፣ ይጠብቀኛል። አሁን የምጭነው አንተን ነው።

ወንድሜ መልስ ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። ብዙ ነገር አትላክብኝ፤ «ትምጣ» ብቻ በለው። በዚያው ቀን እነሳለሁ። መንገዱን እፈራዋለሁ፣ አልዋሽህም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ምን እንደምትሆን ጎረምሳውም አያውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ግን መንገድ ላይ የሚሆነው ቢሆን እንኳ ልጅህ እጅህን ይዛ፣ እኔ ከፊትህ ሆኜ፣ ወደ ቤትህ እየሄድክ ነው። እዚያ የሆስፒታል ግድግዳ ሥር፣ በማያውቁህ ሰዎች መካከል ሆነህ መርዶህ በስልክ እንዲነገረኝ አልፈልግም።

ፈጣሪ ሕመምህን ያቅልልህ፣ አጠገብህ ላሉትም ምሕረቱን ያውርድ። እኔንም ሳትቀድመኝ ያድርሰኝ።

ሚስትህና ሹፌርህ