ያረጀ በደጁ ሆኖ እንዲቆጠር ያደረጉት የእድር ስም ጠሪ፣ የአቶ የኔሰው አካለ ወልድ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ የኔሰው አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ አካለ ወልድ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቻለች ውቤ ጥቅምት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. ብቸና ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረዋል። ለቅኔ መርጡለ ማርያም ቢላኩም በዓመቱ ተመልሰው ልብስ ስፌት ያዙ። መሪጌታ አኩርፈዋቸው ነበር፤ ካባ ሲሰፉላቸው ታረቁ።

በ1957 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቢያድግልኝን በተክሊል አግብተው ሞጣ መጡ፤ ገበያው ዳር የስፌት መኪናቸውን ተከሉ። አራት ልጆች ወልደዋል። ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ልጃቸው ይርጋነሽ ነኝ። ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ የጎደለ ቢኖር የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም።

በ1984 ዓ.ም. ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለነበር የሰፈራችን እድር ስም ጠሪ አደረጋቸው። ቀብር በተፈጸመ ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ መዝገብ ይዘው ይጠራሉ፤ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የለው፣ ቃሬዛ የለው፣ የሚሸከመው የለው። አባታችን በዚህ አይቀልዱም ነበር፤ እናታችን እንኳ አርፍደው ቢመጡ ቀሪ ጽፈውባቸዋል።

በ1994 ዓ.ም. ጥጥ ፈታይዋን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ሦስት ጊዜ ጠርተው ስላጧቸው ሰረዟቸው። ይህንኑ ሊነግሯቸው ከቅጽሩ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ቢሄዱ፣ እግራቸው ከታሰረ ወራት ያለፋቸው፣ እንስራቸው የደረቀ፣ ልጅ የሌላቸው አሮጊት አገኙ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አልተቆጡም። «የኔሰው፣ ጥሪህን ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ። አለሁ እላለሁ፤ ድምፄ አይደርስህም እንጂ» አሏቸው።

አባታችን ያን ቀን ውኃ ቀዱላቸው። እንስራ የተሸከመ ወንድ አየን ብሎ ሰው ሳቀ፤ ግድ አልሰጣቸውም። ለጠቅላላ ጉባኤው ያረጀ ሰው በደጁ ሆኖ ይቆጠር፣ ጉልበት ያለው በተራ ውኃና እንጨት ያድርስለት፣ ሲታመምም ይሸከመው ብለው አመለከቱ። የእድሩ ዳኛ አቶ ፋንታ «እድር የቆመው ለሞት ነው፤ ለእርጅና አይደለም» አሏቸው። አባታችን መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እንግዲያው እኔም አርጅቻለሁ፤ የሚጠራ ፈልጉ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በአራት ቀብር ማን መጣ ማን ቀረ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ተተኪ የሟቹን ስም ጠርቶ ቀሪ ጻፈበት። ሽማግሌ ተላከ፤ አባታችን ሕጉ ካልተሻሻለ መዝገብ አልነካም አሉ። እናታችን ተመለስ ብለው ለመኗቸው፤ እኔ ግን እንዳይመለሱ ነው ያልኋቸው። በኅዳር 1995 ዓ.ም. ጉባኤው ሕጉ ይሻሻል ብሎ እጁን አወጣ። አባታችን መዝገቡን ተቀብለው መጀመሪያ የጠሩት ወለተ ኢየሱስን ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ቅጽሩ ጀርባ አዙረው ጥቂት ጠበቁና «አሉ» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሰባት ዓመት ኖሩ፤ ሲያርፉም ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቀበራቸው።

በኋላ የወረዳው ባለሙያዎች ሞዴል እድር አሉን። የግንደወይንና የብቸና እድሮች ሕጉን ገለበጡ። የተወለዱበት ብቸና ሲቀበለው አባታችን አዲስ ኮት ሰፍተው ሄደው ራሳቸው አነበቡላቸው።

በ2008 ዓ.ም. የልብ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንስራችን አንድ ቀን አልደረቀም፤ ሆስፒታልም በሰው ትከሻ ደርሰዋል። ከተሸከሟቸው አንዱ የአቶ ፋንታ ልጅ ነው። አቶ ፋንታም ዛሬ በደጃቸው ሆነው ይቆጠራሉ፤ ይህን በመጻፌ አይቀየሙኝም፤ ባለፈው ሳምንት ውኃ ያደረስሁላቸው እኔው ነኝ።

አባታችን ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ በደጃቸው ሆነው የሚቆጠሩ ሠላሳ አራት አረጋውያንንም ትተዋል።

እግዚአብሔር በዚያኛው መዝገብ ስማቸውን ይጥራ። አለሁ ለማለት ድምፅ አያንሳቸውም።