አባባን በስልክ አስጠራልን

ጂንካ፣ መጋቢት 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዘሩ ውቤ፤ ባለህበት ባሕር ሁሉ ጤናህ ከእኛ ጤና የበለጠ ይሁን። እኛ፣ እማዬም ጭምር፣ ደህና ነን።

እኔ ተመርቄ ዲመካ በአስተማሪነት ተመድቤያለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። እማዬ አሁን ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ መጀመሪያ የምትገባው ቴሌ ነው። ባለሱቁ ጋሽ ሐቢብ፣ «ስድስት ወር ዝም ያለ መርከበኛማ...» ብሎ ሲጀምር፣ «ወንድሜ ያለው መርከብ ላይ ነው እንጂ ባሕር ውስጥ አይደለም» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ስኳር ሲመዝንልኝ ቀና ብሎ አያየኝም። አይየኝ።

ከምትሠራበት የቱሪስቶች መርከብ ላይ መደወል ውድ ነው ብለህ ነበር። እንግዲያው ወደብ ስትወርድ ደውል። እሱም ከከበደህ ዘዴ አለኝ። የቴሌዋ አለምነሽ እንደነገረችኝ፣ ደውለህ በስም ያስጠራኸው ሰው ከሌለ የስልኩን ሂሳብ አትከፍልም። ስለዚህ ነፍሱን ይማረውና አባባን አስጠራ። እሷ «አቶ ውቤ የሉም» ብላ ትዘጋለች፤ እኛ ግን ያስጠራኸው አንተ መሆንህን እናውቃለን።

እማዬ መጀመሪያ፣ «የሞተ ሰው ይጠራል እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ትናንት ግን ራሷ አለምነሽ ዘንድ ሄዳ፣ «ባለቤቴን የሚጠራ ስልክ ከመጣ ቶሎ ብለሽ የሉም እንዳትዪ፤ መጀመሪያ ድምፁን ስሚልኝ» አለቻት።

እኔም በጭነት መኪና ቢሆን በየቅዳሜው ከዲመካ እመጣለሁ። ሰው ያሻውን ይበል፤ የአባባ ስም እስኪጠራ ከቴሌ በር አንነሳም።

የማዕበሉ ጌታ ይጠብቅህ።

እህትህ ጤናዬ ውቤ