በኃይሉ የመዘገባቸው ስሞች

አዋሳ፣ ግንቦት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ እታፈራሁ፣ አንድ የቀረሽኝ፤

የወንድምሽን ነገር የሰማሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ሦስት ወር እንዳደረግሁት ሁሉ ምሳውን ይዤ እስር ቤቱ በር ሄድሁ። ዘበኛው ሳይከፍተው መለሰልኝ።

«እማማ፣ ከእንግዲህ አይልፉ» አለኝ።

«ወዴት አዘዋወራችሁት?» ስለው መሬት መሬት አየ።

ሬሳውን አልሰጡኝም። ማልቀስም ክልክል ነው። ጎረቤት በጓሮ እየገባ እጄን ጨብጦ አጽናንቶኝ ይወጣል።

እንደምታውቂው ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ ይህን ከጀመርሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፖስታ ቤቱን ስለማላምን ናይሮቢ የሚመላለስ ሾፌር ያደርስልሻል።

በደብዳቤሽ «ያስያዘው ጓደኛው ደረሰ ነው» ብለሻል። ልጄ፣ ደረሰን ተይው።

ወንድምሽ በኃይሉ ከዩኒቨርሲቲው ማስተማሩን ትቶ የመጣው ለጥናቱ ነበር። በፖለቲካ የተነሳ ማን እንደተገደለ፣ የት፣ በማን ትእዛዝ፣ ሁሉን በደብተር ይጽፋል። «ሰው ሁሉ ሚስት ሲፈልግ አንተ ሬሳ ትፈልጋለህ» ስለው ይስቅና፣ «እማዬ፣ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ አልገደልንም ይላሉ» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰው ሊያነጋግር ሐይቅ ዳር ሲሄድ ደብተሩን ገለጥሁት። ሃያ ሦስት ስም አለ። አብዛኞቹን የት እንደገቡ እናቶቻቸው እንኳ አያውቁም። ያለ ፍትሐት መቅረታቸው አንጀቴን በላው። ስማቸውን ብቻ በወረቀት ገልብጬ ለቄሱ ሰጠሁ። እሁድ ሙታን ሲታሰቡ አንድ በአንድ ጠሯቸው። አንዲት ሴት የልጇን ስም ስትሰማ ጮኻ ወደቀች። የቀበሌ ሰዎችም እዚያው ቆመው ያስቀድሱ ነበር።

ሰኞ ወረቀቱን ከቄሱ ተቀብለው ቤታችን መጡ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው» አላቸው በኃይሉ።

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው እንዲህ ይጽፋል?»

«በግራ እጄ ነው የጻፍሁት።»

ወደ እኔ አላየም። እኔ ነኝ ሳልል ይዘውት ሄዱ። ልጄ፣ አፍ እያለኝ ዝም አልሁ።

አሁን የእሱን ስም ለቄሱ መስጠት ፈራሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ደጀ ሰላሙ ሄጄ ተመለስሁ። ስለ ደረሰ ክፉ የነገርሻቸው ሰዎች ካሉ ይህን አንብቢላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ወንድምሽ ነፍስ ይጸልዩልኝ። እዚህ በስሙ የሚጠራው የለም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።

አንቺን እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ።

እናትሽ ብርቅዬ