ቦታዋ ስለተቀየረባት ምልክትና ከታች ስለሚኖረው ሰዓት ሠሪ

ለተከበሩ የስልክ መልእክት መላላኪያ መተግበሪያው የገጽታ ንድፍ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተለይም ከዓይንና ከጣት ሕመም ርቀው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። አርባ ዓመት በመጻሕፍት አርታኢነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስሆን፣ ክፍልዎ ባለፈው ወር በስልካችን ላይ ለዋለው ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ልጃችንን በምስል ልታነጋግር ስትፈልግ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ክፍል ትመጣ ነበር። እኔም የገጹን ካርታ በቀይና በጥቁር ቀለም በደብተሬ ስዬ፣ ከላይ በስተቀኝ ሁለተኛዋን ምልክት አስነካት ነበር፤ በዚያች ደቂቃ በዚህ ቤት ከእኔ በላይ ሊቅ አልነበረም። ያችን ምልክት ማንንም ሳያማክሩ ነቅለው ከታች በመትከልዎ ከሊቅነት ድካም አሳርፈውኛልና እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ካርታዬን አምኜ የነካኋት፣ በቀድሞዋ ቦታ የተተካችው አዲሲቱ ምልክት ከቤተሰባችን የጋራ መወያያ አስወጣችኝ። ጥዬ መውጣቴ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ስለተነገረ፣ ታላቅ እህቴ ማን እንዳስቀየመኝ ልትጠይቅ አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች። ሰባት ዓመት ያልረገጠችውን ቤቴን ስላስጎበኙልኝ ባለ ዕዳዎ ነኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከምድር ቤት የሚኖረው ሰዓት ሠሪ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ሲነካካ የኖረ ሰው ነውና፣ እርስዎ የደበቁትን ሁሉ ሳይፈልግ ያገኘዋል። ባለቤቴ አሁን ስልኩን ይዛ በሬን አልፋ ደረጃውን ትወርዳለች። በእኔ ዘንድ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ጉዳይ በእርሱ ዘንድ አርባ ይፈጃል፤ ስትመለስም የሰውየውን ትዕግሥት ታወራልኛለች። ትናንት ፀጉሯን አበጥራ ነው የወረደችው። ልጃችንም ጋሼ ሰዓት ሠሪው ደኅና መሆናቸውን ጠይቃ፣ ቀጥላ ስለ እኔ እንደጠየቀች ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የቀድሞው ይመለስ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ እንዲህ የሚል ሰው አሮጌ እንደሚባል አውቃለሁ። ወደፊት ምልክት ሊያዛውሩ ሲያስቡ ግን፣ ሁለት ቀን ቀድመው ለእኔ ብቻ ያሳውቁኝ፤ ካርታዬን አርሜ፣ በሬን ከፍቼ ባለቤቴን እጠብቃለሁ። ለሰዓት ሠሪው መንገር አያስፈልግም።

የራስዎ ቤት ዕቃ ሁሉ ማታ ባስቀመጡበት ጠዋት እንዲገኝልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የቤቱ የቀድሞ ሊቅ፣ ከአራተኛው ፎቅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤ የምትልከዋም ምልክት ከቦታዋ ስለታጣች፣ ይህን በስልኩ የጻፍኩትን ባለቤቴ ይዛው ወደ ታች ልትወርድ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የሚያነበው ሰዓት ሠሪው ነው ማለት ነው። ጎረቤቴ ሆይ፣ አንብበው እንደጨረሱ ሁለቱንም በየአድራሻቸው ይላኩልኝ፤ ደብዳቤውን ወደ ክቡር ኃላፊው፣ ባለቤቴን ወደ አራተኛው ፎቅ።