ሠላሳ አራተኛው ጥያቄ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የአስራ አንደኛዋ እናት መጠይቅ ዛሬ ተጠናቀቀ። ባጃጁ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ የቀረውን በእግሬ ኳተንኩ። ጫማዬ ከነአቧራው በር ላይ ተቀምጧል… ነገ ይጠረጋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለማስተርስ መመረቂያ ነው። ልጇ ሆዷ ውስጥ ወይም በተወለደ በሳምንቱ የሞተባት እናት ሐዘኗ ምን ያህል ነው? መለኪያው ሠላሳ ሦስት ጥያቄ አለው። እኔ አነባለሁ፤ እሷ "በጣም እስማማለሁ"፣ "እስማማለሁ"፣ "አልስማማም" እያለች ከአምስት ምርጫ አንዱን ትመልሳለች። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው።

የዛሬዋን "ልጄን ሳስብ ባዶነት ይሰማኛል" ብዬ ጠየቅኳት።

"አልሐምዱሊላህ።"

"እሱስ ልክ ነው እታለም፤ ግን ትስማሚያለሽ ወይስ አትስማሚም?"

"የሰጠው አላህ፣ የወሰደው አላህ። የማልስማማው እኔ ማን ሆኜ?"

ምን ብዬ ልሙላው? አስራ አንዱም እንዲሁ ነው ያሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያዘነ ሰው የለም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

አማካሪዬ ዶክተር ሪድዋን ደወለ። የላክሁለትን አይቶታል።

"ሲስተር ሰሀር፣ በዚህ ውጤት እኮ እዚያ አገር ሐዘን የሚባል ነገር የለም።"

"ዶክተር፣ አንዷ መልስ እየሰጠችኝ ፍራሹን ስትነጭ ነበር። ስንጨርስ ጥጡ ወጥቷል።"

"ፍራሽ መንጨት መለኪያው ላይ የለም።"

ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ግን እውነቱን ነው፣ የለም። ታዲያ ጥፋቱ የእናቶቹ ነው የመለኪያው? ሆድ ይፍጀው ተብላ ያደገችን ሴት በአምስት ምርጫ ልትይዣት? እኔም እዚሁ ከሚሴ ተወልጄ ይህን ማጣቴ!

አልተውም። ከዝርዝሩ ላይ አራት እናቶች ይቀሩኛል።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የሚቀጥለውን ስም አየሁት። ጁወይሪያ። ጨፋ ሮቢት አጠገብ። ልጁ የሞተበት ጊዜ ታኅሣሥ 2016።

አወቅኳት።

ያን ቀን ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ደም ግፊቷ ወጥቶ፣ አንቀጥቅጧት፣ ራሷን ስታ ነው የመጣችው። እሷን አተረፍን፤ ልጁ ግን ሞቶ ነው የወጣው። ባሏ ያኔ ሳዑዲ ነበር። በር ላይ የቆመው ወንድሟ ነበር። ልጁን በባዶ የጓንት ካርቶን አድርጌ ሰጠሁት። ያልኩትም ቃል በቃል ትዝ ይለኛል…

"ይውሰዱት። ስለ ልጁ ምንም እንዳይነግሯት፣ ግፊቷ ይነሳል። አደራ።"

እንዲህ ነው የተማርነው። ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ቤቴ ሄጄ ራቴን በላሁ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልሄድኩም። በዝናብ እንዳላሳብብ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ጁወይሪያ አላወቀችኝም፤ ያኔ ፊቴ በማስክ ተሸፍኖ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባት ወሯ። ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ፤ እሷ ደረጃው ላይ። ሠላሳ ሦስቱንም ጠየቅኳት። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ… ፋይሌን ዘግቼ ልነሳ ስል፣

"ሲስተር፣ ሁሉን ጠየቅሽኝ። እኔስ አንድ ብጠይቅሽ?"

"ጠይቂኝ።"

"ልጄን የት አደረጉት?"

ፋይሌን ጉልበቴ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

"የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ይጥሏቸዋል ይላሉ። እውነት ነው?"

ወንድሟ ሙሀመድኑር እንደወሰደው ታውቃለች። ስትጠይቀው ግን "አላህ ያውቃል" ይልና ይነሳል። ጥሎት ቢሆን ነው እንጂ ለምን ይደብቀኛል? ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ሁለት ዓመት አላነጋገረችውም። ይሄኛውን ደግሞ እቤቴ ነው የምወልደው አለች። "እናንተ ዘንድ ልጄን በእጄ አላገኘሁትም። አልመጣም።"

እቤቷ! ያ ግፊት ከተመለሰ እሷም ልጁም ያልቃሉ። ይህን ነገርኳት። "አላህ ያውቃል" አለችኝ፣ ልክ እንደ ወንድሟ።

ወንድምሽን ላናግረው? አልኳት። "እንደፈለግሽ። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ይነግዳል። እኔ አላናግረውም።"

እኔ ነበርኩ ያን ቀን… አላልኳትም። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ፈሪ። ሌላ የሚጻፍ የለኝም።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ሰንበቴ ገበያ። ግመል፣ ፍየል፣ ጩኸት። ሙሀመድኑርን ከሁለት የአፋር ነጋዴዎች ጋር ሲከራከር አገኘሁት። ወፍራም፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ጢሙ የሸበተ። ገና "ጋሼ፣ ሰላም ነዎት?" ስለው ፊቱ ተለወጠ።

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሲስተሯ ነሽ።"

ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ልጁ የት ነው? አልኩት። እንደ እብድ አየኝ።

"አንቺ አይደለሽም ወይ አትንገራት ያልሽኝ? አደራ አላልሽም?"

"ብያለሁ…"

"እኮ! አማና ነው የሰጠሽኝ። አማና እንዴት እበላለሁ? አንድ ቀን አምልጦኝ ብናገር፣ ግፊቷ ተነስቶ ብትሞትብኝስ? ያለችኝ እህት እሷው ናት። ወላሂ በእሷ ፊት አፌን እፈራዋለሁ። ስለዚህ መሄድ ተውኩ።"

እንደነገረኝ፣ ከማዋለጃው ግቢ እንደወጣ ልጁን ከካርቶኑ አውጥቶ በጋቢው ጠቅልሎት ነበር። ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ወሰደው። በእጁ አጠበው፣ ከፈነው። ስም ይውጣለት ሲሉት ኢድሪስ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እየሄደ ዱዓ ያደርግለታል።

እኔ የወረወርኩትን ቃል ሰውየው ሁለት ዓመት ተሸክሞታል። እኔ ስሟን ዝርዝሩ ላይ እስካይ ረስቼው ነበር። አለቀስኩ፣ ከፍየሎቹ መሃል። አፋሮቹ ሳይቀሩ ያዩኛል። ይዩኝ!

"ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን" አልኩት። "አማናውን ከእሷ ፊት እረከብዎታለሁ።"

"ግፊቷስ?"

"መለኪያውን ይዤ ነው የምመጣው።"

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

እንዳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሙሀመድኑር ከበር አልገባም። "አሰላሙ አለይኩም" አለ። ሰላምታውን መለሰች፤ ፊቷን ግን አልሰጠችውም። መጀመሪያ ግፊቷን ለካሁ። ደህና ነው። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩ፤ ተቀምጬ የምለው አይደለም።

"ጁወይሪያ፣ ልጅሽን በካርቶን አድርጌ ለወንድምሽ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አትንገራት ያልኩትም እኔ። እሱ ቃሉን ነው የጠበቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ፣ አማናዬን ተረክቤያለሁ። ይንገሯት።"

ጁወይሪያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከዚያ ወደ እኔ፣

"ሁለት ዓመት! ውሻ በልቶት ይሆን ስል… ሁለት ዓመት! ቤቴ ገብተሽ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ፣ ባዶነት ይሰማሻል ወይ አልሽኝ!"

መልስ የመስጠት መብት የለኝም።

ወደ ወንድሟ ዞረች። ድምጿ ቀነሰ።

"ማንን ይመስላል?"

"አንቺን" አለ ሙሀመድኑር። "ጸጉሩ ብዙ ነው፣ ጥቁር። አገጩ መሃል እንደ አንቺ ሰርጎድ ያለች ነገር አለችው። ኢድሪስ ብዬዋለሁ። ወደ ሮቢት ስትሄጂ፣ መስጊዱን እንዳለፍሽ፣ መቃብሩ ዳር ከግራሩ ሥር ነው። ሁለት ድንጋይ አቁሜበታለሁ።"

"በየረቡዑ እኮ ነው በዚያ የማልፈው! ጤፍ ተሸክሜ!"

"አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።"

"ኢልማ ኮ…" አለች፣ በኦሮሚኛ። ልጄ። "ኢልማ ኮ…" ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ አልሐምዱሊላህ አላለችም። ጮኻ አለቀሰች። ወንድሟ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ስወጣ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ዛሬ አልችልም" አለችኝ። እሺ። ልክ ናት።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ለዶክተር ሪድዋን ደወልኩ። አንድ ጥያቄ መጨመር እፈልጋለሁ አልኩት። "ልጅሽ የት እንደተቀበረ ታውቂያለሽ?"

"የጸደቀ መጠይቅ ላይ ዝም ብሎ አይጨመርም። ኮሚቴው እንደገና ማየት አለበት። መመረቂያሽ ይዘገያል፣ ሰሀር።"

"ይዘግይ።"

"ደብዳቤውን ጻፊ፣ እኔም እፈርማለሁ።" ለካ ሰው ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ማዋለጃ ክፍል። ከመሳቢያው የጓንት ካርቶኖቹን አውጥቼ ጣልኩ። ነጭ አቡጀዲ ቆርጬ፣ አጥቤ፣ አጣጥፌ አስገባሁበት። የሥራ ባልደረባዬ ሱዓድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

"እናቶቹ የሞተ ልጃቸውን አይተው ራሳቸውን ቢስቱስ?"

"ቢስቱ እናነቃቸዋለን። እኛ እዚህ ቆመን ምን ልንሠራ ነው?"

"አይ አንቺ! አንዴ ከያዘሽ…" ብላ ቀሪውን ጨርቅ አብራኝ አጣጠፈች።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ፈቀደ! ነገ ወደ አስራ አንዷም እመለሳለሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

እግሬ አብጧል። አስራ አንዱንም ጨረስኩ።

ከአስራ አንዱ ዘጠኙ የልጃቸውን መቃብር አያውቁም። ዘጠኝ! ጥያቄውን ስጠይቅ እንደ በፊቱ ቶሎ የመለሰ የለም። አንዷ ባሏን ጠራችው። "ና፣ ሲስተሯ የምትለውን ስማ" አለችው። ሰውየው ቆሞ ቆሞ፣ "ነገ አሳይሻለሁ" አላት። ልጁ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ቀሪው የእነሱ ነው።

ፍራሹን የነጨችው ሴት እንኳ… እሷን ሌላ ቀን እጽፋታለሁ። ዛሬ አልችልም።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ጠዋት መዝገብ እየሞላሁ ቀና ስል ጁወይሪያ በር ላይ። ከኋላዋ ሙሀመድኑር የልብስ ፌስታል ይዞ።

"እግሯ አብጦ፣ ራሷን አሟት…" አለ። "እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፣ ራሷ ናት ባጃጅ ጥራ ያለችኝ።"

ለካሁ። ግፊቷ መቶ ስልሳ በመቶ አስር፤ አደገኛ ነው። በጊዜ ነው የመጣሽ፣ እዚሁ ትተኛለሽ፣ ሐኪሙን ጠርቻለሁ አልኳት። አልጋው ላይ ውጪ ብላት አልወጣችም። የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች።

"መጀመሪያ አንድ ነገር። ይሄኛውም ቢሞት…"

"ኢንሻአላህ አይሞትም፣ ለዚያ ነው የመጣሽው…"

"አስጨርሺኝ! ቢኖርም ቢሞትም በእጄ ነው የምትሰጪኝ። ለወንድሜ አይደለም። ለማንም አይደለም። ያን ቀን አውፍ እልሻለሁ።"

"በእጅሽ" አልኩ።

"አፍ ነው። ጻፊው።"

ካርዷን ወስጄ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። አሳየኋት። ማንበብ አልችልም አለች።

አነበብኩላት። "ቢኖርም ቢሞትም፣ ልጁ በእናቱ እጅ ይሰጥ።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ሱዓድም ሰማች፣ ሙሀመድኑርም ሰማ።

ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ወጣች።